የግራው ዓምድ እኔ ነኝ

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ለልጄ ጎረቤታችን ዝሆን ገዙ ብዬ ነገርኳት።

«ጥሩ ነው አባዬ፤ ይመቻቸው» አለችኝ።

ግቢያቸው ስለማይበቃው ማታ ማታ እኛ ሳሎን እንደሚያድር ጨመርኩላት። «እሱም ጥሩ ነው» አለች። እናትሽ ጭድ ልትገዛለት ወጥታለች አልኳት። «ሰላም በልልኝ» አለች። እናቷን ይሁን ዝሆኑን እስካሁን አልገባኝም።

ልጄ ቂል እንዳትመስላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር፣ አንዲት ሳንቲም ከቦታዋ ብትንቀሳቀስ ጠረኗ የሚደርሳት ሴት ናት። ያን የሚያህል ዝሆን ያመለጣት እኔ ግማሽ ስክሪን ላይ ስለሰፈርኩ ነው። በግራው ግማሽ እኔ፣ በቀኙ ግማሽ ኤክሴል። በምን አወቅህ የሚለኝ ካለ፣ በመነጽሯ። በሁለቱም መስታወት ላይ ነጭ ሠንጠረዥ ተንጣሎ ይታየኛል፤ የእኔ ፊት ግን የለም። ዓይኗ ወደ እኔ ሲመጣ እንኳ አስፋልት እንደሚሻገር ሰው ነው፤ ግራ ቀኝ ገልመጥ፣ ሮጥ፣ ከዚያ እዚያው።

እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ ረፋድ ነው። እኔ ቀኔን ጨርሼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ የሳምንት ወሬ አጠራቅሜ ነው የምቀመጠው። እሷ ሥራ ላይ ናት። «ሥራ ካለብሽ ልዝጋው» ስላት «አይ አባዬ፣ እየሠራሁም እሰማሃለሁ» ትላለች። ዝሆኑ ምስክሬ ነው።

ነገሩ ስም አለው፤ ስፕሊት ስክሪን ይሉታል። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት አራሚነት ስለጨረስኩ ባዕድ ቃል ሳይተረጎም ሲያልፍ ብዕሬ ይበላኛል። «የተሰነጠቀ ስክሪን» ልለው አሰብኩ፤ ወዲያው ጠጋኝ ቤት ይወስዱታል። «የተከፈለ ስክሪን» ልለው አሰብኩ፤ ዋጋው የተከፈለ ይመስላል፣ ልጄ ደግሞ ገና በየወሩ ነው የምትከፍለው። «ግምስ ስክሪን» ብዬ ለባለቤቴ ሳነብላት እህል ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚህ ተሸንፌ ስፕሊት ስክሪን እላለሁ፤ ያውም እየጎመዘዘኝ።

ይህን ክፍፍል ማን አመጣው ብዬ ሳጣራ ሰነበትኩ። ጡረተኛ ነኝ፣ ቂም ለመያዝ ጊዜ አለኝ። ሰውየው ዳግላስ ኤንግልባርት የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968፣ በእኛ ኅዳር 30 ቀን 1961፣ ሳንፍራንሲስኮ ላይ በአንድ የኮምፒውተር ጉባኤ ፊት 90 ደቂቃ የፈጀ ትርዒት አሳየ። ማውስ የምትባለዋን ዕቃ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ያን ቀን ነው። ስለ ማውስ ይቅር ብዬዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታደርገው፣ ትጠቁማለች። ይቅር ያላልኩት ሌላውን ነው። በዚያው ስክሪን ላይ፣ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሜንሎ ፓርክ የተቀመጠ ባልደረባውን ፊት በአንድ በኩል አወጣ፤ በሌላው በኩል ጽሑፉን እያስተካከለ ሥራውን ቀጠለ። ታዳሚው በጭብጨባ ተቀበለው። ስለዚያ ትርዒት ብዙ አነበብኩ፤ ያንን ጥጉ ላይ የተለጠፈ ባልደረባ «ምን ተሰማህ ወንድሜ? ወደ አንተ ነበር የሚያየው ወይስ ወደ ጽሑፉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላገኘሁም። ባልደረባው ስለ ዝሆን ቢያወራ ኖሮ እኮ ያን ጊዜውኑ ይታወቅ ነበር።

ታብሌት ራሱ ሲወለድ ጨዋ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 አይፓድን ሲያወጣ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየው። ደብዳቤ ከከፈቱ ደብዳቤ፣ ፎቶ ከከፈቱ ፎቶ፤ እንደ ሰው። ከሁለት ዓመት ብዙም አልዘለለም፤ በ2012 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 10.1 ላይ ስክሪኑን ለሁለት አካፈለው፣ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት በዊንዶውስ 8 ሁለት አፕ ጎን ለጎን አቆመ። አፕል እስከ 2015 ታገሠና አይኦኤስ 9 ብሎ ተከተለ፤ ሲያስተዋውቀው ለሁለት መከፈል የሚችለው አይፓድ ኤር 2 ብቻ ነበር፣ የቀሩት ጉልበት አልነበራቸውም። ጎግል በ2016 አንድሮይድ 7 ውስጥ ጨመረውና ነገሩ የመንደር ሆነ። መከፈሉ ሳያንስ አከፋፈሉንም ይለዋውጡታል። አይፓዱ በ2021 አናቱ ላይ ሦስት ነጥብ አበቀለ፣ በ2022 ስቴጅ ማናጀር የሚባል መጣበት፣ በ2025 ደግሞ መስኮቶቹ እንደ ትልቁ ኮምፒውተር በየመጠናቸው የሚንሳፈፉ ሆኑ። እኛ ቤት አንድ ዱካ ከቦታው ሲነሳ እንኳ ባለቤቴ ቀድማ ታስታውቀኛለች።

የእኔ ታብሌት የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልናገርም። ልጄ በሰው እጅ የላከችልኝ ስጦታ ስለሆነ ስሙን አላጎድፍም።

ለሁለት መክፈሉን ያስተማረኝ የወንድ ልጄ ልጅ ነው። 16 ዓመቱ ነው፣ እኛው ጋ ነው የሚያድገው። ይሄ ልጅ ሲያከብረኝ «እርስዎ» ይለኛል፣ ሲወደኝ «አንተ» ይለኛል፤ ታብሌት ሲያስተምረኝ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይደባልቃቸዋል። «ጣትዎን እዚህ ያድርጉ አባባ… እዚህ… ኧረ አትጫነው!»

እሱ ራሱ ከተከፈለ ቆይቷል። ትምህርት እያጠናሁ ነው ሲለኝ በግራ የታሪክ መጽሐፉ፣ በቀኝ የእንግሊዝ ኳስ አለ። አንድ ቀን ልፈትነው ብዬ «ዓድዋ መቼ ነው?» አልኩት። «በ1888» አለኝ ቶሎ፤ ደስ ሊለኝ ሲል «በተጨማሪ ሰዓት» ብሎ ጨመረበት። አዎ ብዬ አለፍኩት፤ አሁን ሳስበው ምኒልክም ቢሰሙ ፈገግ የሚሉ ይመስለኛል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንዱ አፕ ይከፈታል። ከዚያ ቀደም ሲል የተከፈቱት ሁሉ እንደ ካርታ ተደርድረው የሚመጡበት ቁልፍ አለ፤ እሱ ይነካል። ከአፑ አናት ላይ ያለችው ምልክት ስትነካ ዝርዝር ትዘረጋለች፤ ከዝርዝሩ ስፕሊት ስክሪን የሚለው ይመረጣል። ያኛው አፕ ገለል ብሎ ቦታ ይለቅቅና «ሌላ ምረጥ» ይላል፣ እንደ ደግ ባላገር። ሁለተኛው ሲገባ በመካከላቸው ቀጭን ዘንግ ይቆማል። ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፤ ለአንዱ ሰፋ ለሌላው ጠበብ ማድረግ ይቻላል። የወንድማማቾች የእርሻ ድንበር ማለት ነው፣ ሌሊት ሌሊት የሚገፋ። ጠርዝ ድረስ ከተገፋ ደግሞ የዚያኛው ወገን ርስት ጭራሹን ይጠፋል።

ይህን የመጨረሻውን ልጁ አልነገረኝም። በመጀመሪያው ቀን ልጄን በግራ፣ የአየር ትንበያን በቀኝ አደረግሁ። ለምን የአየር ትንበያ እንዳትሉኝ፤ ሌላ የምከፍተው አልነበረኝም። ፊቷ ሰፋ ይበልልኝ ብዬ ዘንጉን ሳብኩት። እኔ ያልኩት ወደዚያ፣ እሱ የሄደው ወደዚህ። ልጄ እየቀጠነች፣ እየቀጠነች ሄዳ በመጨረሻ የጆሮ ጉትቻዋ ቀረ፤ ከዚያ ጉትቻውም ሄደ። ዘጠኝ ወር ተረግዛ፣ ተወልዳ፣ ተምራ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ የኖረችን ልጅ በአንድ ጣት ገፍቼ ጣልኳት። ትንበያው ሙሉውን ስክሪን ያዘና «ነገ ከፊል ደመናማ» አለኝ።

ልጻፍ ያለማ ወዮለት። የፊደል ገበታው ከሥር ተነስቶ የስክሪኑን የታችኛውን ግማሽ ይውጣል። ወርዱ ለሁለት ተከፍሏል፣ ቁመቱ ተውጧል፤ የቀረው የበር ቀዳዳ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ጠባብ ቤት አይወድም፤ «ሀ»ን ነካ ሲያደርጓት ከእነቤተሰቧ ነው ብድግ የምትለው። ለእድራችን ጸሐፊ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብዬ ልጽፍ ስታገል «ቅዳሜ እሞታለሁ» ብዬ ላክሁ። ሰውየው ጠንቃቃ ነው፤ ድንኳኑ ነፃ መሆኑን አረጋግጦ መለሰልኝ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አልኩት ልጁን።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» አለኝ። ይህን ተረት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰው በገዛ ባላው ይሰቀላል ማለት ይሄ ነው።

በተረት ካልሆነ በሳይንስ ልርታው ብዬ ደግሞ ፍለጋ ገባሁ፤ አገኘሁም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኢያል ኦፊር፣ ክሊፎርድ ናስና አንቶኒ ዋግነር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ነው። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መከታተል የሚያዘወትሩትን ከማያዘወትሩት ጋር አወዳደሯቸው። የሚያዘወትሩት የማይመለከታቸውን ነገር ቸል ብሎ ማለፍ ያቅታቸዋል። ይህስ ይጠበቃል። የገረመኝ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መዝለሉ ላይም የባሱት እነሱ መሆናቸው ነው። በሚኮሩበት ሙያ ወደቁ! ልጁን ጠርቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና ወደ ታብሌቱ ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ ጥናቱ በግራ ነው። በቀኝ በኩል ምንድነው የከፈትከው?»

የበግ ገበያ ነበር። በዓል እየደረሰ ነዋ።

ይሄም አልበቃው፤ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ሄዶ አንድ አሮጌ ነጋሪት ጋዜጣ መዝዞ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በጣቱ መካከሉን ሰነጠቀው። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። «አንተ ራስህ ዕድሜህን ሙሉ ስፕሊት ስክሪን ላይ አልነበርክም እንዴ?» ብሎኝ ኳሱን ሊያይ ሄደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ልክ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲጀመር ጀምሮ በሁለት ዓምድ፣ በሁለት ቋንቋ የሚወጣ ነው። ስንቱ ገጽ በእጄ አልፏል! አንዳችን ዋናውን ጮክ ብለን እናነባለን፣ አንዳችን በማረሚያው ላይ በእርሳስ እንከተላለን፤ «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ»፣ «አዲስ መስመር» እያልን። ዓይኔ ቀኑን ሙሉ ከግራ ዓምድ ወደ ቀኝ ዓምድ ሲሻገር ይውል ነበር። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴንም ሁለት ዓምድ አድርጌ የማይባት ጊዜ ነበር። ታዲያ አሁን ምን ሆንኩ ነው የምለው?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሱ መጣልኝና ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። ሁለቱ ዓምዶች እኮ ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት! በግራ አንቀጽ 5 ከሆነ በቀኝም አንቀጽ 5 ነው። ዓይን ሲሻገር ያንኑ ሰውዬ ልብስ ቀይሮ ያገኘዋል። በግራ ስለ ቡና ቀረጥ፣ በቀኝ ስለ ዝሆን አዋጅ አልታተመም። ደግሞ ዓምዶቹ ቢጣሉ ዳኛ አላቸው፤ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው ብሎ ደንግጓል። ልጄ ስክሪን ላይ ግን አባትና ኤክሴል የተጋጩ ዕለት የበላዩ ይህ ነው የሚል አዋጅ አላየሁም። በተግባር የሚሠራበትን ደግሞ ዝሆኑ ያውቃል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ በጨለማ ካዳመጠች በኋላ «ጨረስክ?» አለችኝ። ጨርሻለሁ አልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ 43 ዓመት ሙሉ ወሬህን በአንድ ጆሮ፣ ወጤን በሌላው ጆሮ እያዳመጥኩ ነው የኖርኩት። ቅር ብሎህ ያውቃል?»

«አላውቅም።»

«ወጡስ አንድ ቀን አርሮ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በል እንግዲያ የትኛውን ሳዳምጥ እንደኖርኩ ደርሰህበታል፤ ተኛ።»

አሁን የሚያሳፍረው ላይ ደረስኩ። ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ልጄ በየቤቱ ስላዳረሰችው ከእኔ አፍ ቢሰማ ይሻላል።

ታላቅ እህቴ ደሴ ነው የምትኖረው። እሷ በልጅ ልጇ ስልክ፣ ልጄ ከቨርጂኒያ፣ እኔ ከዚህ፣ ሦስታችን በአንድ ቪዲዮ ተገናኘን። እትዬ የደወለችው መርዶ ልትነግረን ነው። የልጅነት ጎረቤታችን፣ አናጢው ሽማግሌ፣ ዘጠናን አልፈው ነበር፤ አረፉ። ነፍስ ይማር። እትዬ ወሬ ስትነግር ከሥሩ ነው። ከመጀመሪያው ጉንፋን ተነሳች፤ ጠበሉ፣ ሐኪሙ፣ ሐኪሙ ያዘዘው፣ ያልተዋጠው፣ ለምን እንዳልተዋጠ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሙሉ ልቤን ሰጥቼ ሰማሁ። ከዚያ ጣቴ፣ እኔ ሳልሆን ጣቴ፣ ያንን ዘንግ አቆመችና በቀኝ በኩል ሲድኒን ከፈተች። ድምፁን ዘግቻለሁ፤ ለመርዶ ክብር አለኝ።

ሲድኒ ስል የትኛዋን እንደሆነ አትጠፋችሁም። መስከረም 15 ቀን 1993፣ የኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ተርጋት። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም፤ ባየሁት ቁጥር ግን ኃይሌ የሚሸነፍ ይመስለኛል። 25 ዙር ተሮጦ፣ 27 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ አልፎ፣ ሁለቱን የለያቸው ዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የ100 ሜትሩ ወርቅና ብር እንኳ በ12 መቶኛ ነው የተራራቁት። እንዲህ ያለ ነገር በቀኝ በኩል ተከፍቶ በግራ ያለውን የሚሰማ ሰው ካለ እሱ ቅዱስ ነው።

በግራ እትዬ «ሌሊቱን ሲያቃስቱ አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ እንግዲህ ትንፋሻቸው…» እያለች ነው። በቀኝ ተርጋት አፈትልኮ ወጥቷል። እትዬ «…ቁርጥ፣ ቁርጥ…» ትላለች። ኃይሌ ጥርሱን ነክሶ ይጠጋል።

«በለው!» አልኩ ጉልበቴን መትቼ። «በለው እንጂ! አሁን ነው፣ በለው!»

ደሴ ጸጥ አለች። ቨርጂኒያ ጸጥ አለች። ከጓዳ የሰፌዱ ድምፅ እንኳ ቆመ።

«ማንን ነው በለው የምትል?» አለች እትዬ።

ሰው ሲጨንቀው አንደበቱ ይፈታል። «ሞትን ነው እትዬ! ይሄን ሞት! ስንቱን ወሰደብን! የሚለው ጠፋ እኮ!»

እትዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ወንድሜ፣ እንዲህ ሆድህ የሚባባ አይመስለኝም ነበር» ብላ ትንሰቀሰቅ ጀመር። በማግስቱ ከደሴ ስድስት ሰው ደወለልኝ፤ ሁሉም «አዘንክ አሉ፣ ያንተስ የተለየ ነው አሉ» ይሉኛል። የሟች ልጆች ለአርባው ከቤተሰቡ ጋር እንድቀመጥ ጠርተውኛል። አልሄድም ብል ነውር፣ ብሄድ ኃጢአት። ከሁለት ያጣ ጎመን።

እትዬ ከወጣች በኋላ ግን ልጄ አልወጣችም። መነጽሯን አውልቃ ወደ ካሜራው ተጠጋች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓይኗን አየሁት።

«አባዬ» አለችኝ፣ «መነጽርህ ላይ ሰው ይሮጣል።»

ምን ልበል? የአራሚ መነጽር ወፍራም ነው፤ ሜዳውን ከእነአጥሩ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ድርድር ሆነ። ስለ ዝሆኑ ነገርኳት፤ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች፣ ከዚያ «እውነት እንደዚያ ብዬሃለሁ?» አለች። ስለ ነጋሪት ጋዜጣም ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ሐሙስ ሁለታችንም አንድ ነገር እንክፈት። አንተ በግራ እኔን፣ በቀኝ ሩጫውን። እኔም እንደዚያው። ዓምዶቹ ስለ አንድ ነገር ያውሩ» አለች። ደግ ሐሳብ ነው። የእናቷ ልጅ ናት።

ሐሙስ ደረሰ። ልጁ ዘንጉን መካከል ላይ አቆመልኝና እጄን ከእሱ እንዳርቅ አስጠነቀቀኝ። ባለቤቴ ቡናውን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ወጡን አስቀድማ አውርዳለች፣ ይሄ በዚህ ቤት ተሰምቶ አይታወቅም። በልጄ መነጽር ላይ ሠንጠረዡ የለም። ቀዩ መም ነው ያለው፤ በአንድ በኩል ደግሞ ትንሽ ሽማግሌ በጋቢ ተጠቅልሎ ይታያል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን እኩል ነካን።

የእሷ ኔት እንደ እሷ አገር ነው። የእኔው መጀመሪያ አንዲት ክብ አዙሮ አዙሮ፣ አስቦበት ነው የተነሳው። እሱም አስራ አምስተኛው ዙር ላይ እንደገና ቆሞ አሰበ። ምንም አላልኩም፤ ጨዋ ሆኜ ተከተልኩ። የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። ተርጋት ወጣ። ባለቤቴ ስኒዋን አስቀመጠች። ኃይሌ ተጠጋ፣ ተጠጋ…

«አሸነፈ! አባዬ፣ አሸነፈ!» ብላ ልጄ ቨርጂኒያን አናወጠችው።

እኔ ጋ ገና 60 ሜትር ይቀራል። ተርጋት እየመራ ነው። ሩጫው ከተሮጠ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፣ አውቃለሁ፤ ግን ውጤቱን ማን ንገሪኝ አላት?